መጋቤ ሲሚንቶ ጓሯችንን ሲያነጥፉ

ጓሮውን ያላስነጠፈ ሰው "ትዕግሥተኛ ነኝ" ብሎ ባይናገር ጥሩ ነው። ገና አልተፈተነም። ትዳሩም፣ ጸሎቱም፣ የደም ግፊቱም ገና አልተፈተኑም። ኮንትራክተር የሚባለው ፍጡር ደግሞ የትም ብትሄዱ አንድ ሰው ነው፤ የሚለያየው የሱሪው ቀለም ብቻ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል፣ ስልክ ሲያወራ ይጮኻል፣ የሌላ ሰው ሥራ ሲያይ ደግሞ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

የእኛው እጃችን የገባው እንዲህ ነው። አማቴ ባላቸው ካረፉ በኋላ እኛ ዘንድ ገቡ። እግራቸውን ስለሚያማቸው የሚሄዱት በምርኩዝ ነው፤ ጓሯችን ደግሞ ጉድጓድና ጉብታ ነበር። ስለዚህ ከክፍላቸው አይወጡም። መጋረጃውን እንኳ አያስከፍቱም። ምሳ ይቅረብ ስንል "ይቅርብኝ"፣ ሐኪም እንጥራ ስንል "ይቅርብኝ"። አንድ ቀን ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች "ጓሮው ይነጠፍና ፀሐይ ላይ ትቀመጥ። አለዚያ እናቴን በቁሟ መቅበራችን ነው" አለችኝ።

ዕቅዱን ያወጣነው ሁለታችን ነን። ማለትም እሷ ናት። ከጓዳው በር እስከ ግንቡ ድንጋይ ይነጠፋል፣ የበሩ ደረጃ ተነሥቶ ምርኩዝ በማያደናቅፍ ተዳፋት ይተካል፣ ግንቡ ሥር አግዳሚ ወንበር ይሠራል። እኔም የበኩሌን ላዋጣ ብዬ "ጥላስ አያስፈልገውም?" ስል "አንተ ሠራተኛ ፈልግ" ተባልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ሰው በሰዓቱ መጣ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ከዚያም "ይሄ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ዝናብ ከጣለም ይቆማል" አለን። እውነቱን ስለነገረን አልወደድነውም።

ከዚያ የባለቤቴ ወንድም "እጁ ወርቅ ነው" ብሎ መጋቤ ሲሚንቶን ላከልን። (ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ያነሰ አይመጥነውም።) ወርቁን የት እንዳየው አማቼን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፤ ቤተሰብ ነን፣ መጣላት አያስፈልግም።

መጋቤ ለጠዋት ተቀጥሮ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሜትር የሚባል ነገር አላወጣም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር አለ፣ መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አደረገ፣ ግንቡን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ይሄን የሠራው ማነው?"

"ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ያሠሩት ነው" አልኩ።

"እግዜር ይቅር ይበላቸው።" ደረጃውን አየ። "ይሄንንስ?" በሩን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ንቅነቃው ከስድብ ባሰ። ቤቱን በገዛ እጄ የሠራሁት ይመስል ማፈር ጀመርኩ።

"ጊዜ ይፈጃል?" አለችው ባለቤቴ።

"ይሄ? ይሄማ ጨዋታ ነው እህቴ። እኔ ካለሁ አለቀ በሉት።"

"እኔ ካለሁ" የምትለዋን ነገር ልብ ብለን መስማት ነበረብን። ኋላ ላይ ሥራው ያላለቀልንም በእሷው ነው፤ ሰውየው የለማ።

ሥራ በጀመረ ዕለት ሠራተኞቹን ይዞ መጥቶ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠውና ተሰወረ። ስደውል "መንገድ ላይ ነኝ ጌታው" ይለኛል። የት መንገድ ስለው "ዋናው" ይላል። አንዴ አሸዋው ሸካራ ሆኖ ይገኛል፣ አንዴ የድንጋዩ መኪና ይበላሻል። አንዴ አክስቱ ሞቱ፤ አዝነን አጽናናነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኚያው አክስት ታመሙና ሊጠይቃቸው ሄደ።

ሲመጣ ደግሞ ከሥራው ወቀሳው ይበልጣል። አንድ ቀን ግንቡን እንደ ልማዱ እያማ ሳለ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ከማዶ ብቅ አሉና "አንተ፣ ይሄን ግንብ የሠራኸው አንተው አይደለህም እንዴ?" አሉት።

እኔ መሬት ተከፍታ ትውጠው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ እሱ ግንቡን እንደገና አየት አደረገውና "ያኔማ ልጅ ነበርኩ" አለ።

"ጢምህ ሸብቶ ነበር እኮ!"

"ሲሚንቶ ነው ጋሼ፣ ሲሚንቶ ቦኖብኝ ነው።"

ከዚያ የቧንቧው ነገር መጣ። ዶማውን አንሥቶ ሲያሳርፍ ውሃው ከመሬት ወጥቶ እስከ ጣሪያ ክዳን ተስፈነጠረ። መጋቤ ከራስ እስከ እግሩ ርሶ፣ "ይሄን ቧንቧ እዚህ የቀበረው ማነው?" እያለ ሲጮኽ፣ ከበስተጀርባችን መጋረጃ ሲሳብ ሰማን። መስኮቱ ተከፈተ። አማቴ ናቸው።

"አንተ ሰውዬ! ድንጋይ ልታነጥፍ ነው የመጣኸው ወይስ ዓሣ ልታረባ?"

ዞር ብሎ በትሕትና እጅ ነሣቸው። "እማማ፣ ከፈለጉ ዓሣውንም እናመጣለን።"

"መጀመሪያ ሱሪህን ጭመቅ!"

ባለቤቴና እኔ ተያየን። እናትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ከሰማን ቆይተናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃው በማለዳ ይከፈታል። ምሳ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው የሚቀርበው፤ ሰውየው የሚያጠፋው ጥፋት እንዳያመልጣቸው። ድንጋዩ ሲወርድ "ያን የተሰበረውን መልስ!" ይላሉ። እሱም "የተሰበረ አይደለም እማማ፣ አፈጣጠሩ ነው" ይላል። የቀረ እንደሆነ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ራሳቸው ያናግሩታል። "መንገድ ላይ ነኝ ነው የምትለው? እና የምሰማው ሽንኩርት ሲጠበስ አይደለም?" ያን ቀን ምሳውን ትቶ ነው መሰል እየሮጠ መጣ።

እኔ ግን ሰው ነኝ፣ ልቤ የድንጋይ ንጣፍ አይደለም። አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ የጓሮውን ጭቃ ጠራርጎ ጓዳችን አስገባው። ጠዋት ያገኘሁትን ባልዲ ይዤ ጠበቅኩት። ሲመጣ "በቃ! እቃህን ሰብስብና ውጣልኝ። ሌላ ሰው ይጨርሰዋል" አልኩት።

የጓዳው በር ተከፈተ። አማቴ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ጭቃው ላይ የተጋደመው ጣውላ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ቆመዋል። ባለቤቴ ከኋላ ልትይዛቸው ስትል እጇን ገፋ አደረጉት።

"ማንን ነው የምታባርረው?"

"እማማ፣ ይሄ ሰው እኮ መቼም አይጨርስም።"

"ማን ጨርስ አለው?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ እናንተ እንደ ዕንቁላል ነው የያዛችሁኝ። ስታወሩኝ በሹክሹክታ ነው፣ ምን ብናገር እሺ ነው። ብናገረው የሚመልስልኝ ሰው ይሄ ብቻ ነው።"

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መጋቤ ሲሚንቶ ደግሞ አካፋውን አንሥቶ ጭቃውን ከጓዳችን ማውጣት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አለቀ። እንዴት እንዳለቀ አትጠይቁኝ። መጥፎ ነው ልል ብፈልግም አልቻልኩም፤ ተዳፋቱ ልስልስ ብሏል፣ ድንጋዩ ጥርስ እንደተገጠመለት አፍ ነው፣ አግዳሚው ጠንካራ ነው። አማቴ ወጡ። እያንዳንዷን ድንጋይ በምርኩዛቸው ኳ ኳ እያደረጉ፣ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ ግንቡ ሄዱ፣ ተመለሱ። እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። መጋቤም ይዟል።

መሐል ላይ ቆሙና በምርኩዛቸው አመለከቱ።

"ይሄ ረድፍ ጠማማ ነው።"

መጋቤ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥቶ ሌላውን እስከ ረድፉ መጨረሻ ወስዶ ወጠረው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ረድፉ በሲባጎው ልክ ቀጥ ብሏል፤ ፀጉር የምታህል ስህተት የለችውም። ሰውየው በሕይወቱ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ሠርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ እሳቸውን አየ።

"እውነትዎን ነው እማማ" አለ። "ጠማማ ነው። ነገ መጥቼ አፈርሰዋለሁ።"

"ነገ ስትል መቼ?"

"በጠዋት።"

"የማን ጠዋት? ያንተ ጠዋት እኮ ከምሳ በኋላ ነው!"

ባለቤቴ የትኛው ረድፍ እንደሆነ ልታይ ጠጋ ስትል፣ እኔ ሲባጎውን ቶሎ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።