የሰው መኪና ተደጋፊው

ባሕር ሊያይ ሄዶ ለባሕሩ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ግርማ ይባላል።

ባለፈው ቅዳሜ እኔንና ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ከሳን ሆዜ ባሕር ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ሞንተሬይ ወሰደን። እትዬ አስካለ አሜሪካ ገና መግባታቸው ነው። በዕድሜያቸው ባሕር አይተው ስለማያውቁ፣ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሊነክሩ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሡት። ግርማ ግን ገና ወደቡ አጠገብ ያለው ጥንታዊ የጉምሩክ ቤት ጋ ስንደርስ አንዲት ቀይ መኪና ተደገፈ። መኪናዋ የማን እንደሆነች እግዜር ይወቅ።

«ጋሼ፣ ፒክቸር ያንሡኝ! ታርጋው እንዳይገባ!» አለኝ ካሜራውን እያቀበለኝ።

ቀጥሎ ነጭ መኪና፣ ቀጥሎ የሰው ጀልባ ተደገፈ። ፎቶው የሚላክላቸው ዘመዶቹ ይህን ሁሉ ንብረት የት ያቆመዋል ይሉ ይሆን?

«ልጄ፣ ጭጋጉ መጣ እኮ! ባሕሩ ሳይሸፈንብኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እማማ፣ ዌይት ያድርጉ! አንድ ጥቁር መኪና ብቻ ቀረችኝ!»

እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውኃው ወረዱ። እኔም ካሜራውን ለባለቤቱ መልሼ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ! እኔን ማን ያነሣኛል?» ብሎ ጮኸ።

እትዬ አስካለ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ዞር አሉ።

«መኪናህን ለምናት፤ እሷ ታንሣህ!»