ክቡር ሴኮንድ እና የበሩ ሰዓት

ሰዓት አራሚ የሌለበት ሰፈር የለም። የለብንም የሚል ካለ ሰፈሩን በደንብ አላየውም ማለት ነው። ሰዓት አራሚ ስትጠይቁት ሳይሆን ሳትጠይቁት ሰዓት የሚነግራችሁ ሰው ነው። እናንተ «ሦስት ሰዓት ገደማ» ስትሉ እሱ «ገደማ» የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ይቆጥራታል። የእኛ ሕንፃ ሰዓት አራሚ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። እኛ ጎረቤቶቻቸው ክቡር ሴኮንድ ብለን ሾመናቸዋል። ሹመቱን ሰምተዋል፤ አልተቃወሙም።

ክቡር ሴኮንድ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ቴክኒሻን ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሌላው ጡረተኛ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ያጣል፤ እሳቸው ሲለኩት ይውላሉ። በሠርጋቸው ቀን በጥሪ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ አዳራሽ የተገኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ ይባላል። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ድረስ «እኔን ሳይሆን ሰዓቱን ነው ያገባው» ይላሉ፤ እሳቸው ሙሽሪት በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መዘግየቷን ብቻ ያስታውሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ ያለ አንድ ጣቢያ በየሴኮንዱ የሰዓት ምልክት በሬዲዮ ይለቃል። ያንን ምልክት የሚይዙ፣ ክብሪት ሳጥን የሚያክሉ ርካሽ ተቀባዮች አሉ። ውድ መሣሪያ ገዝቶ ማመን ለማንም ቀላል ነው ይላሉ ክቡር ሴኮንድ፤ ቁም ነገሩ ከርካሾቹ መካከል የማይዋሸውን መለየት ነው። እናም ሦስቱን የመስኮታቸው ደፍ ላይ ደርድረው፣ ካረጀ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው፣ የትኛው በስንት ሺህኛ ሴኮንድ እንደዘገየ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ስምም አውጥተውላቸዋል። ሐቀኛው ምልክቱ ሲጠፋበት ዝም ይላል። እንቅልፋሙ ዘግየት ብሎም ቢሆን ይደርሳል። ወሬኛው ግን ምልክት ሲያጣ ከራሱ ይፈጥራል፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዕለቱ እሑድ፣ ዓመቱም ከአሁኑ ሃምሳ ዓመት የራቀ መሆኑን አስታወቀ። ክቡር ሴኮንድ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፉት።

የተቀባዮቹ ጆሮ ስስ ነው፤ ቻርጀሩም፣ አምፖሉም፣ ቴሌቪዥኑም ይረብሻቸዋል። ስለዚህ እሳቸው በር ያንኳኳሉ። እባክሽ ልጄ፣ ፍሪጁን ለሃያ ደቂቃ ብቻ አጥፊልኝ ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት ማሽኗን እንድታቆም ሲለምኗት፣ የሙሽራ ቀሚሱን ለአሥር ሰዓት አድርሺ የተባለችው በእሳቸው ሰዓት ይሁን በሙሽራዋ መጀመሪያ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። በበኩላቸው ሰዓት የነገራቸውን ሰው ሁሉ የሚመልሱበት አንድ ጥያቄ አላቸው። «በየትኛው ሰዓት?» ይላሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በዚህ ጥያቄ ተማሮ የግድግዳ ሰዓቱን አውርዶ ቀን መቁጠሪያ ሰቅሏል።

እኔ ደግሞ አርፋጅ ነኝ፤ ፈጣሪ ሲቀልድብኝ ከእሳቸው ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ የጽሑፍ እርማት ነው፤ የሰውን ስህተት ሳርም ውዬ የራሴን ይዤ እገባለሁ። የማተሚያ ቤታችን በር ላይ ካርድ ስናስገባበት የገባንበትን ሰዓትና ደቂቃ የሚያትም ትልቅ ሰዓት አለ። ከሁለት ሰዓት ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው። እኔ ሁለቱን ጨርሼ ነበር። አንድ ቀን ካርዴ ላይ ሁለት ከሦስት ታተመብኝና የአስተዳደር ኃላፊዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀርቤ እንዳስረዳ በደብዳቤ ጠራችኝ። ሚስቴ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ደብዳቤውን እጥፍጥፍ አድርጌ ጫማዬ ውስጥ ደበቅኩት፤ ሚስቴ ግን ጫማዬን ልትጠርግ አንስታው ኖሮ አገኘችው። አላለቀሰችም፤ እጥፋቱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያን ዕለት በጊዜ እንደወጣሁ እርግጠኛ ነበርኩ። ማን ያምነኛል? በማግስቱ የክቡር ሴኮንድን በር አንኳኳሁና የበሩ ሰዓት ሳይሮጥ አይቀርም አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ደስታ የልጅ ልጃቸው ስትመጣ እንኳ አላየሁባቸውም።

አሥራ ሁለት ቀን ተከታትለው ጠዋት ጠዋት ከማተሚያ ቤታችን በር ውጭ፣ ሰዓቱ ከሚታይበት ቆሙ፤ ባንድ እጃቸው ተቀባዮቹን የያዘ ካርቶን፣ በሌላው ደብተር። አንቴናው ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ጎኑን መስጠት ስላለበት፣ እሳቸውም እንደ ካርቶኑ ጎናቸውን አዙረው ይቆማሉ። ዘበኛችን መጀመሪያ ሊያባርራቸው አስቦ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለሐቀኛው ሲል የዘብ ቤቱን አምፖል ያጠፋ ጀመር፤ በስምንተኛው ቀን እኔኑ «በየትኛው ሰዓት?» አለኝ።

የመቅረቢያዬ ዋዜማ ግን ክቡር ሴኮንድ አልመሰክርም አሉ። እንቅልፋሙ ከሐቀኛው በሲሶ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ምክንያቱ አልታወቀም።

«ጋሼ፣ እኔ የምለው ስለ አራት ደቂቃ ነው!» አልኳቸው።

«እርስ በርስ በሲሶ ሴኮንድ ያልተስማሙ ምስክሮች ይዤ ሰው ፊት አልቆምም» አሉኝ።

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ የሚስቴን ሆድ ጠቀስኩ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ከውስጥ ወጥተው ሁለቱን ተቀባዮች አነሱና አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ኩሽና አስቀመጡ። አሁን አይጣሉም፣ ነገ ከልጁ ጋር ሂድ አሏቸው። ክቡር ሴኮንድ ሐቀኛውን ብቻ ይዘው ለመሄድ ተስማሙ።

ኃላፊዋ ፊት ሲቆሙ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን እንደ ዳኛ ገልጠው ነበር። የበሩ ሰዓት ዛሬ በአራት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሴኮንድ ይቀድማል አሉ። በቀን አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ስለሚሮጥ፣ እኔ በተከሰስኩበት ቀን የቀደመው በአራት ደቂቃ ከሁለት ሴኮንድ ነበር። ካርዱ ሦስተኛዋን ደቂቃ ያተመው በመጨረሻው ሴኮንድ ላይ ነው ብንል እንኳ፣ እኔ ቢያንስ ሦስት ሴኮንድ ቀድሜ ገብቻለሁ። አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ይኼ ሰውዬ አርፍዶ አያውቅም ነው የሚሉኝ?»

«ያን ቀን አላረፈደም» አሉ። ገጽ ገለጡ። «በፊተኞቹ ሁለት ቀናት ግን፣ ካርዱ ላይ ከታተመው የሰዓቱ ሩጫ ተቀንሶም አርፍዷል። አንዴ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ፣ አንዴ ቢያንስ ሰባት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኃላፊዋ ሁለታችንን በየተራ አየችን፤ ከዚያ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ቀርቷል፣ ሁለቱ እንዳሉ ናቸው ብላ ወደ ሥራዬ መለሰችኝ። ማታ ስንገናኝ በማመስገን ፈንታ ማን ጠይቋቸው ያንን እንደተናገሩ ጠየቅኳቸው። «እሷ ናት የጠየቀችኝ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። ለአንድ ሳምንት ኩርፊያ ያዝኩ።

ከሳምንት በኋላ ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። የስንብቱን ደብዳቤ ያን ቀን አስቀድማ ፈርማው እንደነበረና ሽማግሌው አጎቴ መስለዋት እንደነበር ነገረችኝ።

«ሦስቱንም ቀን አላረፈደም ቢሉኝ ኖሮ ሁለታችሁንም አስወጣችሁ ነበር» አለችኝ። «ሁለቱን ሲያጋልጡብህ ነው ሦስተኛውን ያመንኳቸው።»

የበሩ ሰዓት ተስተካከለ። የማርፈጃ ሰበብ ያሳጣሁት ሠራተኛ ሁሉ እስከ ዛሬ በጎሪጥ ያየኛል። እኔ በበኩሌ ያን ምሽት ይቅርታ ልጠይቅ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ፤ እንቅልፋሙ እየተለካ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ይቅርታዬን ረሳሁት፤ ይኸው ዛሬ በጽሑፍ።

ሚስቴ ስትወልድ መጀመሪያ የደወልኩት ለክቡር ሴኮንድ እንጂ ለእናቴ አልነበረም። ሴት ናት አልኳቸው፤ የተወለደችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሴኮንድ ላይ ነው። ያን ሴኮንድ ለመያዝ ዓይኔን ከግድግዳው ሰዓት ስላልነቀልኩ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ከዚያ የሚጠበቀውን ጠየቁኝ፤ በሆስፒታሉ ሰዓት መሆኑን ተናዘዝኩ።

በጉብኝት ሰዓት ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱ። እሳቸው ግን ሐቀኛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎናቸውን አዙረው፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ነርሷ የጠፋባቸው ዘመድ ያለ መስሏት ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። በመጨረሻ ወደ አልጋው ቀረቡ፣ ሕፃኗን አጎንብሰው አዩዋት፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ።

«ይኼ ሰዓት ይቀድማል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጅህ ከነገርከኝ አርባ ሁለት ሴኮንድ ቀድማ ነው የተወለደችው።» ጉንጯን በጣታቸው ጫፍ ነኩት። «እግዜር ይመስገን፣ ባንተ አልወጣችም።»