ቫይታሚን የተከለከሉት ግልገሎች

"ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ቢጤ እንደነበር ግን እምላለሁ። እኔ የገበያ ሚዛን እጠረጥራለሁ። "የዛሬ ነው" የተባለ ዳቦ እጠረጥራለሁ። "ሞላ፣ ሊነሳ ነው" የሚል የሚኒባስ ረዳትን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እጠረጥራለሁ። እናንተም ሻንቶ ከተማ መንገድ ዳር ባዶ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁ ይገባችሁ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ አሳማ ማርባት ጀመረ። አፍንጫህን የያዝክ አንባቢ ካለህ ልቀቀው፤ አረባለሁ እንጂ ብላልኝ አላልኩህም። እናቲቱ አሳማ የእኔና የጎረቤቴ የማቴዎስ የጋራ ናት። በእኛ በወላይታ አንድን ከብት ለሁለት መያዝ አባቶቻችን የኖሩበት ነው፤ እኛ በሬውን በአሳማ ተካነው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣንም። ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያን "ወንድሜ" የምንባባል፣ ጸሎቱ ረጅም፣ ወሬው አጭር ሰው ነው። ጠዋት እኔ አበላለሁ፣ ማታ እሱ።

ያለፉት ግልገሎች ጡት እንደጣሉ ነው የተበላሹብን። ተቅማጥ ያዛቸው፣ ፀጉራቸው ቆመ፣ አብዛኞቹን ቀበርናቸው። አለቀስኩ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ አልቅሻለሁ። የአሁኖቹም እንደዚያ ከሆኑ እናቲቱን ሸጠን ሽርክናችንን ልናፈርስ ተስማማን። የግብርና ባለሙያው፣ "ጡት ሲጥሉ ሆዳቸው ይደነግጣል፤ ስኳር ድንችና ፉርሽካ ብቻውን አይበቃም፣ ቫይታሚን ቀላቅሉበት" አለን። ሶዶ ሄጄ ከአንዲት የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ቢጫ ዱቄት ይዤ መጣሁ።

ቢጫ ዱቄት! እርድ ቢሆንስ? በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት፤ መረረኝ። መምረሩም አላማረኝም፤ መድኃኒት ለማስመሰል ሰው ምን የማይጨምረው አለ? ስለዚህ ጋጣውን በሳንቃ ለሁለት ከፈልኩና ለማቴዎስ፣ "በቀኝ ያሉት ቫይታሚን ይበላሉ፣ በግራ ያሉት አይበሉም። እኩል ካደጉ ልጅቷ አታላናለች ማለት ነው" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ።

አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ሚዛንና ዳቦ የምጠረጥረው ሰውዬ ይህቺን ዝም ብዬ አሳለፍኳት።

ሳምንታት አለፉ። የቀኞቹ ወፈሩ። የግራዎቹም ወፈሩ! አንድም አልሞተ፣ አንድም አልከሳ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን አንጀቴ አረረ። ተታለልን! ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። ልጅቷን ሰው በተሰበሰበበት ላጋልጣት ማቴዎስን በምስክርነት ይዤ ሶዶ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

"ይቅርብን፤ የሰው ልጅ ስም ነው" አለኝ አንዴ።

ርኅራኄው ነው ብዬ ገሠጽኩት።

ሱቁ በሰው ሞልቷል። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ገና "ስሚ፣ አንቺ ልጅ" ከማለቴ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ፈገግ አለች።

"ጋሼ ማቴዎስ! የባለፈው ቫይታሚን አለቀብዎት እንዴ?"

ዞርኩ። ማቴዎስ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመረምራል።

"ማታ ማታ ለግራዎቹ ስሰጥ ነበር" አለ።

"ለምን ሲባል?"

"ስንካፈል የቀኞቹን አንተ ልትወስድ፣ የግራዎቹን ለእኔ ልትተው መስሎኝ።"

"ወንድሜ! እኔን ጠረጠርክ? ብትጠይቀኝ እኮ እውነቱን እነግርህ ነበር!"

"መንገሩንስ ትነግረኝ ነበር" አለ ኮፍያውን መልሶ እያጠለቀ፤ "ማመኑ ነው የቸገረኝ።"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ለስድብ ያሰናዳሁትን አፌን ከፍቼ ተጨማሪ ቫይታሚን ጠየቅኩ፤ ምን ላድርግ?

እናቲቱ አልተሸጠችም፤ ሽርክናውም አልፈረሰም። አሁን ግልገሎቹን ጠዋትም ማታም አብረን ነው የምናበላው። የሚያየን ሁሉ "እንዲህ ያለ ወንድማማችነት የት ይገኛል!" ይላል። እኛም አመስግነን፣ አንዳችን የሌላችንን እጅ እንጠብቃለን።