ለአየርላንዱ ዘፋኝ የሰጠሁት ግጥም

እኛ ሰዎች ሆዳችን ውስጥ ያለውን በገዛ አፋችን መናገር አንወድም። ለትዳር ሽማግሌ እንልካለን፤ ለዕርቅም ሽማግሌ እንልካለን፤ ሽማግሌ የማይላክበት ነገር ሲገጥመን ደግሞ አዝማሪ ቤት ገብተን «ተቀበል!» እንላለን። ግጥሙን እኛ እንሰጣለን፣ እሱ በማሲንቆው ያዜመዋል። የተባለላት ሰው ከሰማች እሰየው፤ ከተቆጣችም ያለው አዝማሪው ነው። ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ካያችሁ ንገሩኝ።

ልጄ ሳሮን እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ናት። እሷ ጋሃና በሚባል ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፣ እኔ እዚያው አጠገቧ ኤርፖርት፤ ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። ብዙ አናወራም። በረዶው ከጀመረ ወዲህ ግን የአንድ የአየርላንድ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ትከፍትልኛለች። ቃሉ አይገባኝም። ቫዮሊኑ ሲጀምር ግን መኪናዋ መሬት የምትነካ አይመስለኝም፤ በረዶው በቀስታ ይወርዳል፣ ልጅቷ አጠገቤ ወንበሯ ላይ ሆና በመስኮት እያየች ታንጎራጉራለች፣ ቀይ መብራት እንኳ ሲይዘን ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ይህች ልጅ ሲያትል ሥራ አግኝታ በሚቀጥለው ወር ልትሄድ ነው። እኔ ምን አልኩ? «ኮንግራጁሌሽን!» አልኩ። ባገኘኋት ቁጥር አልኩ። ገና ሳትሄድ እየናፈቀችኝ፣ ጥርሴን እያሳየሁ አልኩ።

በዚህ መሀል ባንዱ ከተማችን መጣና ሳሮን ትኬት ገዝታ እሑድ ከሰዓት ይዛኝ ሄደች። ትንሽ አዳራሽ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ይመስል ጸጥ ብሎ ቆሟል። ያን የጠዋት ዘፈናችንን ጀመሩት። መሀል ላይ ዘፋኙ ዝም አለና ቫዮሊኑ ብቻውን ቀረ። አዝማሪ ዝም ብሎ ማሲንቆውን ብቻ ሲገዘግዝ ምን እየጠበቀ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም የት እንዳለሁ ረሳሁት።

«ተቀበል!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

ወንበሯን አትንኩት ባዶውን ይሂድ፣
ልጄ ስትመለስ ትቀመጥበት ዘንድ።

አልተቀበለም። ምኑን ይቀበል! ዓይኑን አፍጥጦ «ቴንክ ዩ» አለና ዘፈኑን ቀጠለ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ሳሮን ወለሉን አየች።

ዘፈኑ አልቆ ወደ ቤት እየነዳሁ ነው።

«ዳድ፣ ዋት ወዝ ዛት?» አለች፤ ምን ነበር ያ ማለቷ ነው።

የአዝማሪ ቤቱን ወግ አስረዳኋት። ግጥሙን ለዘፋኙ ትሰጫለሽ፣ እሱ ላንቺ ሆኖ ይለዋል።

«ሰውዬው እኮ አይሪሽ ነው! ለማን እንዲልልህ ነው?»

«ላንቺ።»

«እኔ እኮ አጠገብህ ነበርኩ!»

ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ግጥሙን ያለ ዜማ ቀስ ብዬ ነገርኳት።

«ኮንግራጁሌሽን ስትለኝ» አለች ቆይታ፣ «መሄዴ ሪሊፍ ሆኖልህ የተገላገልከኝ መስሎኝ ነበር። ልቅር እንዴ?»

ሆዴ «ቅሪ» አለ። አፌ ግን፣ ያለ ሽማግሌ ያለ አዝማሪ፣ «ሂጂ፤ ግን ትናፍቂኛለሽ» አላት።

«እሄዳለሁ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ግን ዋን ሞር ታይም በለው።»

አዝማሪ ሲደግም ይሸለማል፤ እኔ በነፃ ደገምኩላት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መንገዱ አልታይ አለኝና መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። ጉም ወርዶ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አስቤ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።