የሐያት ጉንጭ

እኛ ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችን ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎረቤት ሳይቀር የሚጠየቅበት ነው፤ መልሱን ማንም አይሰማም። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንልና የቆመውን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አይተን ፍርድ እንሰጣለን። «ወፍረሻል! ተመችቶሻል!» ወይም ደግሞ «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ሐኪም እንኳ እንዲህ አይደፍርም። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አትካዱ። እኔም ስንት ዓመት ሳደርገው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን አንድ ሰው አጠገቤ «ወፍረሻል» ብሎ ሲያሞካሽ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ከድንበር ማዶ፣ ሐርጌሳ ነው፤ ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ ጣሪያ በምታለብስበትና የተበሳሳ ግድግዳዋን በምትለስንበት ጊዜ። እኔ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ግማሹ የፈረሰ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ እሠራ ነበር። ከአገር ቤት የመጣን ስደተኞች ብዙ ነበርን፤ ወንዶቻችን ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ ሴቶቻችን በየሰው ቤት ይሠራሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ታዲያ በዓል በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር እንዲቀርበት አይፈልግም፦ ፎቶ። ስልክ ብርቅ ነው፤ ደብዳቤ ይዋሻል፤ ፎቶ ግን አይዋሽም እንል ነበር። ከፏፏቴ ሥዕል ፊት ቆመን እንነሳና በድንበሯ ከተማ በውጫሌ በኩል ለሚሻገር ሾፌር እንሰጣለን። አገር ቤት ያለው ዘመድ ልብሱን አያይም፤ ፏፏቴውንም አያይም። የሚያየው ጉንጭ ነው።

ሐያት ከወሎ የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለደላላው ሃያ ነኝ ብላዋለች፤ ደላላውም አምኗት ሳይሆን ስለተመቸው ተቀበላት። 26 ጁን ሰፈር ፎውዚያ የምትባል የአገሬው ሴት ቤት ገባች፤ ሁላችንም ኤዶ ፎውዚያ እንላታለን፣ አክስት እንደማለት ነው። ያንን ዕድሜ መቼም አትረሱትም። መስታወት ጠላት የሚሆንበት፣ አንዲት ቃል ሳምንት ሙሉ የምታስለቅስበት ዕድሜ ነው። ሐያት ቀጭን ነበረች፣ እንደማንኛዋም በማደግ ላይ ያለች ልጅ። የመጀመሪያውን ፎቶዋን ላከች። ከእናቷ የመጣውን ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ልጄን በረሃ በላት ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩ» ይላል። ልጅቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሄደች።

ከዚያ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀሚሷን ላሰፋ ብላ መጣች። ጉንጯ ሞልቶ ዓይኗን ሊውጠው ደርሷል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ማሻአላህ! ሐርጌሳ ተስማማችሽ!» አላት። እኔም ብያለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። ሜትሬን ወገቧ ላይ ሳዞረው አራት ጣት ጨምሯል። ክንዷን ስለካው ግን ቀንሷል። ደግሜ ለካሁት፤ ቀንሷል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሜትሩ አርጅቷል አልኩ። ወገቡን ለቀቅሁ፣ እጅጌውን አጠበብኩ፣ እያንጎራጎርኩ ስፌቴን ቀጠልኩ። ስንት ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ሰፊ ነኝ፤ በደህና የወፈረ ሰው ክንዱ እንደማይሟሽሽ አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኤዶ ፎውዚያ ራሷ መጥታ በረንዳዬ ላይ ቆመች። ስለ አሠሪዎች ስናወራ እንዴት እንደሆንን ታውቃላችሁ፤ እሷንም በቅጡ ሳናውቃት ጠግበን አምተናታል።

«ይህች ልጅ ታማለች» አለችኝ በሶማሊኛ፣ ሳትቀመጥ።

«ኧረ ተመችቷት ነው! ወፍራለች እኮ» አልኳት፣ እሷን የማመሰግን መስሎኝ።

«ወላሂ ዕውር ነሽ! ልብስ ስታጥብ ከተቀመጠችበት መነሳት ያቅታታል። እንቅልፍ የላትም። ሳህን ተሰበረ ብላ ግማሽ ቀን ታለቅሳለች። ትናንትና ‹ብሞት ይሻለኛል› ስትል ሰማኋት። ወገኖቿ እናንተ ናችሁ፤ ምንድን ነው የምትሰጧት?»

መቀሴን ጥዬ ተከተልኳት።

ሐያት ኩሽና ውስጥ ሳፋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ምንም ሳይመታት እግሯ በልዟል። የሻርፗን ጫፍ ቋጠሮ ስፈታው ኪኒን ወጣ። ማወፈሪያ ይሉታል። ብርቄ የምትባል ያገራችን ልጅ ነች የሸጠችላት፤ ብርቄ በትልቅ ቦርሳ የጸጉር ቅባት፣ የጆሮ ጌጥና ይህንን ጉድ ይዛ ከቤት ቤት ትዞራለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ፣ እትዬ ጥሩ። አይውሰዱብኝ፤ ካቆምኩት ፊቴ ይጠፋል።»

«ይጥፋ!»

«እማዬስ?»

ኪኒኑን ጨብጬ ብድግ አልኩ። ፎውዚያ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ደግፈን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

ሐኪሙ ኪኒኑን አገላብጦ አየና «ስቴሮይድ» አለ። ለከባድ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ እንዲህ ያለ ልክ ሲወሰድ ፊት ያሳብጣል፣ ጡንቻ ይጨርሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ መንፈስ ይረብሻል። እኛ ውፍረት ያልነው እብጠት ኖሯል። በአንድ ጊዜ ማቋረጡም ሊገድላት ስለሚችል «ቀስ በቀስ፣ እኔ እያየኋት ነው የሚቀነሰው» አለን። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና ዕድሜዋን ጠየቃት።

«ሃያ» አለች።

ሐኪሙ እኔን አየ። ፎውዚያም እኔን አየች።

«አሥራ አምስት» አልኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ከመካከላችን ያቺን ቁጥር ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ብርቄ ቤት ሄድኩ። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው ያነበዋል። እሷ ግን አልተቆጣችም። «እኔም እወስደዋለሁ እኮ፤ ምን ሆንኩ?» አለችኝ፣ ድቡልቡል ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ። ንዴቴን የማወርድበት ቦታ አጥቼ ተመለስኩ።

ለእናቷም ጻፍኩ፤ ሳልቀባባ፣ የእኔን ዝምታ ጭምር። መልሱ አጭር ነበር። «ትክሳ። ብቻ ትኑርልኝ።» ሐያት ይህን ሳነብላት ደብዳቤውን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ወራት ፈጀ። ፎውዚያ ልብሱን ራሷ እያጠበች ልጅቷን አስታመመቻት። መረበሹም ማልቀሱም እየቀነሰ ሄደ፤ እንቅልፏ መጣ፤ ክንዷ ሥጋ ያዘ። ፊቷም እንደፈራችው ጠፋ። በቦታው የራሷ ፊት መጣ፣ ቀጭኑ።

አሁን ጉዱን ስሙልኝ። ልጅቷ በታመመች ጊዜ አንድም ሰው አልጠየቃትም፤ ሁሉም ያደንቃት ነበር። ድና መንገድ ላይ ስትታይ ግን ሰፈሩ ደነገጠ። «ምን ነካት? ሳንባ ይሆን?» ተባለ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሐያት እኔ ዘንድ እንደመጣች፣ አምስት ሴቶች ብርቱካን በፌስታል ይዘው በረንዳዬ ላይ ምንጣፉን ሞሉት። «እግዜር ይማርሽ» አለች አንዷ። «አላህ ያሽርሽ» አለች ሌላዋ። ከንፈር ተመጠጠ። ብርቄም አብራ መጥታለች። ጠጋ ብላ አንድ ነገር በሐያት መዳፍ ውስጥ ስትሸጉጥ አየሁ። «ትንሽ ትንሽ ብቻ፤ መልክሽ እንዲመለስ» አለቻት።

ልጮህ አፌን ስከፍት ሐያት ቀደመችኝ። ኪኒኑን ምንጣፉ መሃል አስቀመጠችው።

«እትዬ ብርቄ» አለች በለሆሳስ፣ «እስኪ መሬቱን በእጅዎ ሳይነኩ ከተቀመጡበት ይነሱ።»

ብርቄ ሳቀች፤ ሴቶቹም ሳቁ። እግሯን ሰብስባ ሞከረች። አልተነሳችም። ቀሚሴ ረግጬ ነው ብላ አስተካከለችና እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ሳቁ ቆመ። ያ ድቡልቡል ፊቷ ላብ አወጣ፤ ዓይኗ እኔ ላይ መጥቶ ቆመ። ያን ሁሉ ስድብ ይዤ ሄጄ ያላደረስኩት ነገር በዚያች ቅጽበት ደረሳት።

ሐያት በብብቷ ገብታ አነሳቻት። ሁለት ሴቶች አገዟት። ሐኪሙ ማታ ሳይዘጋ እንድረስ አለች ሐያት፤ ብርቄም እንቢ አላለችም። እንዲህ ሆነና የታመመ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች የታመመ ደግፈው ወጡ። ብርቱካኑን አስከትዬ ሰጠኋቸው፤ ለበሽተኛ የመጣ ነዋ።