ጋሼ ጎማ እና የቫኑ ነፋስ

በየሰፈሩ የቆመ መኪና ሲያይ ጎማውን በእግሩ ጠለዝ ሳያደርግ የማያልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። መኪናው የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ባለቤቱ መሪ ይዞ ቁጭ ብሎም ቢሆን ከመርገጥ አይመለስም። የእኛ ሰፈሩ የባለቤቴ አጎት ናቸው።

ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ጎማ» ይላቸዋል፤ እኔ በሆዴ «ክቡር የነፋስ ሚኒስትር» ብያቸዋለሁ። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ ደፍሮ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ጠዋት ጠዋት የጎማ ነፋስ መለኪያቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ይወጣሉ። «ነፋስ የሚለካው በቀዝቃዛው ነው!» ይላሉ። ጎማ ከሄደ በኋላ ይሞቃል፣ የሞቀ ጎማ ደግሞ ይዋሻል ባይ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ስንጋጭ እንኳ በመስኮት ብቅ ብለው «ተዉት ልጆች፣ ነገ በቀዝቃዛው ትነጋገሩበታላችሁ» ብለውን ያውቃሉ።

ባለቤቴ ኬክ ጋጋሪ ናት። ለደንበኞቿ ማድረሻ ያረጀ ቫን ስትገዛ ጎማዎቹ አልቀው ራሰ በራ ሆነው ነበር። አዲስ ልንገዛ ስንነሳ ጋሼ ማንም ሳይጠራቸው የቫኑ ፊት ወንበር ላይ ተሰይመው አገኘናቸው። ጎማ መሸጫው ስንደርስ ሻጩ የሚያብለጨልጭ ጎማ እያንከባለለ አመጣ።

«ይሄ የቤት መኪና ጎማ ነው» አሉት። «ቫን ዕቃ ይሸከማል። ጎኑ ጠንካራ የሆነውን አምጣ።»

ሁለተኛው መጣ። ጎንበስ ብለው ጎኑ ላይ የተመረተበትን ጊዜ አነበቡ። «አዲስ ነው ትለኛለህ እንዴ? መደርደሪያ ላይ አርጅቶ!» ሦስተኛውን አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ቧጠጡት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው በጡጫ መቱት።

«አባባ፣ ጎማ ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ እየዳሩ ነው?» አለ ሻጩ።

«የወንድሜን ልጅ ነው የምጭንበት!» ብለው ጮኹበት።

እኔ ከኀፍረቴ የተነሳ ከተቆለሉት ጎማዎች ጀርባ ገባሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ያ የመረጡት ጎማ በዝናብ እንኳ ሸርተት አይልም።

ከዚያ ወዲህ የቫኑን ነፋስ የሚሞሉት እሳቸው ሆኑ። ለፊት ስንት፣ ለኋላ ስንት እንደሆነ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ጋሼ ግን በቃላቸው ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ የሠርግ ኬክ ጭና ወጣች። ቫኑ በየጉድጓዱ እንደ ኳስ ሲነጥር የኬኩ የላይኛው ፎቅ ወርዶ ከታችኛው ላይ ተኛ። እያለቀሰች ተመለሰች። ማደያ ወስጄ ባስለካው አራቱም ጎማ ከልክ በላይ ተወጥሯል። ስመለስ ጋሼን በር ላይ አገኘኋቸው፤ እሷም አጠገቤ ነበረች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሞሉት?» አልኩ እንደ ዋዛ።

ቁጥሩን ሳያመነቱ ነገሩኝ። የአውቶብስ ልክ ነው። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «እሱም ተሳፋሪ ሲበዛ ያንሰዋል» አሉ። ቫናችን ከኬክ በቀር ተሳፋሪ ጭኖ አያውቅም።

ባለቤቴ ክንዴን ጨመቀችው። ቤት ስንገባ፣ «እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «ይሄን ከወሰድንባቸው ምን ይቀራቸዋል?»

ስለዚህ እሳቸው ይሞላሉ፤ እኔ ቫኑን አዙሬ ማደያ እወስድና አስተነፍሳለሁ።

ሰሞኑን ሞልተው እንደጨረሱ እኔ መሪ ይዤ ሳለሁ የቫኑን መስኮት አንኳኩ። ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ በዝቶ ከሆነ ቀንስለት» አሉኝ። «እሷ ግን እንዳትሰማ።»

እንደ ድሮው እንዲጮኹብኝ ስለፈለግኩ ነገር ቆሰቆስኩ። «ጋሼ፣ መለዋወጫ ጎማውን እቤት ልተወው ነው መሰለኝ። ቦታ ይዞብኛል።»

መለኪያቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ።

«እንደፈለግክ» አሉ።

እኚህ ሰው ለማንም «እንደፈለግክ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ስንቱን ጠዋት «ምነው ዛሬን እንኳ ባረፉልኝ» ብያለሁ! ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

«አልፈልግም፣ ጋሼ። ይቆጡኝ እንጂ!»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሳቁ። አልተቆጡኝም።