እምቦጩን የበሉት ትሎች

ሌሊቱን በሕልሜ ጣና ተገልብጦ አየሁት። መብራቱ ሳይሆን የእሳት እራቷ መሃል ላይ ተቀምጣለች፤ መብራቱ እሷን ይዞራታል። «ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው።

ሥራዋ ዘመቻ መምራት ነበር። እኛ እምቦጭ ልንነቅል ስንወጣ እንደሚያለብሱን፣ ቆብና ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሳለች። ካናቴራው ግን «ሰውን ከዳር እንንቀል» ይላል። ውሃ ውስጥ የሚያድጉት ልጆቿ፣ እነዚያ አረንጓዴ ትሎች፣ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። በምን እጃቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ በሕልም ማን ይጠይቃል።

ወዲያው መረብ ተወረወረብኝ። አንድ አምባዛ ውሃው ውስጥ ሆኖ እኔንና አብሮኝ ዓሣ የሚያጠምደውን ጓንጉልን ከመሬት ጎትቶ አስገባን። ጢሙን እያሻሸ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ይኼ ገና ጫጩት ነው። ይደግ፣ መልሱት።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ልጅ ድሬያለሁ።»

«ታዲያ ምነው አጥንት ብቻ ሆንክ? ምን ትበላለህ?»

«እምቦጩ ሐይቁን ከዘጋብኝ ወዲህ ምን እበላለሁ። ታንኳዬም ደረቅ ላይ ቀረች።»

አምባዛው ደነገጠ። ወደ እሳት እራቷ ዞሮ፣ «እሜቴ፣ ይኼ ሰውዬ በረሃብ ካለቀ እኛ ማንን እናጠምዳለን?» አላት። እሷም ትንሽ አሰብ አደረገችና ቆቧን አወለቀች።

«ልጆች፣ ምሳ ቀርቧል።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ዓይኔ አላመነም። ትሎቹ እምቦጩን እንደ ጎመን ይከረትፉት ጀመር። ቅጠሉ ሄደ፣ ግንዱ ሄደ፣ ሥሩም ተከተለ። ስንት ዓመት ያላየሁት ውሃ ብልጭ ሲል ጓንጉል በጭንቅላቱ ቆሞ በእግሩ አጨበጨበ። እኔም ታንኳዬን ልሸከም ጎንበስ ብል፣ እሷው ተሸክማኝ ወደ ውሃው ሮጠች። በደስታ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መረቤን ወደ ኋላ ወስጄ ልወረውር ስል ባለቤቴ ጥሩአየር ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ እንጂ። ትል ወጥቷል።»

ዘልዬ ከአልጋ ወረድኩ። መረቤን ከግድግዳው ላይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ።

«ተመስገን። በላው?»

«በላው።»

«ግንዱንም?»

«ምን ያስቀረው አለ። ግን ይኼ መረብ ለምንህ ነው?»

«ሐይቁ ተከፍቶልን የለ እንዴ። እምቦጩን ጨርሶት።»

ጥሩአየር ግንባሬን በእጇ ነካ አድርጋ አየችኝ።

«እምቦጩማ እንዳለ ነው። ትሉ የበላው ያችኑ ክረምቱን እንወጣባታለን ያልናትን በቆሎ ነው።»